ደንባራ ጊደር የምትረጋጋው ገመድ ሲላላላት ነው

በምንኖርበት በሚኒሶታ ገጠር በሐምሌና በነሐሴ በየካውንቲው ዓመታዊ የግብርና ትርኢት ይካሄዳል፤ ከዝግጅቶቹም ብዙ ቤተሰብ የሚሰበሰብበት ልጆች ራሳቸው የተንከባከቧቸውን ከብቶች እየመሩ ወደ ሜዳ የሚገቡበት ውድድር ነው። ልጄ ፎር-ኤች የተባለው የልጆች ክበብ አባል ከሆነች ወዲህ በየዓመቱ አንዲት ጥጃ ለዚሁ ውድድር ታዘጋጃለች። ዘንድሮ የደረሰቻት ጥጃ ግን ከአሁን በፊት ከያዘቻቸው ሁሉ ይልቅ ደንባራ ነበረች፤ የባልዲ ድምፅ ያስበረግጋታል፣ ሰፊ ኮፍያ ያደረገ ሰው ሲቀርባት ወደ ማዕዘን ትሸሻለች፣ ገመድ ስታይ ዓይኗ ይፈጣል። እንዲህ ያለችውን ጥጃ ያለ ኃይልና ያለ ጩኸት፣ በቤት ውስጥ በሚሰጥ ልምምድ እንዴት ማረጋጋት እንደሚቻል ልጆቻቸውን በፎር-ኤች ለማስመዝገብ የሚያስቡ ሐበሻ ወላጆች በየጊዜው ይጠይቁኛልና፣ ከሥራው የተማርነውን እዚህ በዝርዝር ላስቀምጠው።

ፎር-ኤች እ.ኤ.አ. በ1902 በኦሃዮ ግዛት በክላርክ ካውንቲ ለገጠር ልጆች ከተቋቋመ ክበብ የተነሣ እንቅስቃሴ ነው፤ ዛሬ በየግዛቱ የሚመራው በዩኒቨርሲቲዎች የግብርና ኤክስቴንሽን በኩል ሲሆን፣ በእኛ ግዛት ኃላፊነቱ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ነው። የራሱ የከብት እርባታ የሌለው ቤተሰብ እንኳ ከወተት ገበሬ ጥጃ ተከራይቶ ልጁን ማሳተፍ ይችላል፤ እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ልጄ በቀለሟ ምክንያት «ዳማ» ብላ የሰየመቻት ይህች ጥጃ የጀርሲ ዝርያ ናት፤ ከዴንማርክ መጥተው በአደአ በርጋ ይረቡ የነበሩትን ላሞች ያየ አንባቢ ፊቷንና ትልልቅ ዓይኖቿን ወዲያው ይለያቸዋል። የተወለደችው ከማርች 1 በኋላ ስለሆነ የምትወዳደረው በጸደይ ጥጆች ምድብ ነው።

የጥጃዋ ጠባይ ይህን ያህል የሚያሳስበን ለውድድሩ ውጤት ብቻ አይደለም። እርግጥ ነው፣ የአመራር ችሎታ በሚመዘንበት ውድድር ዳኛው የሚያየው ልጁ እንስሳውን እንዴት እንደሚመራ፣ እንዴት እንደሚያቆምና እንዴት እንደሚቆጣጠር ስለሆነ፣ የምትደነብር ጥጃ የያዘ ልጅ ሌላው ዝግጅቱ ሁሉ ሳይታይለት ይቀራል። ከዚያ በላይ ግን ጉዳዩ የደኅንነት ጉዳይ ነው። በትርኢቱ ጊዜ አንዲት የጀርሲ ጥጃ 100 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፤ ይህም ከአብዛኞቹ የ12 ዓመት ልጆች ክብደት እጅግ ይበልጣል። በጉልበት እይዛታለሁ የሚል ልጅ፣ ጥጃዋ ከምር ለመሸሽ የወሰነች ዕለት መሬት ለመሬት መጎተቱ አይቀርም። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ቀን መሸሽ የማትፈልግ እንድትሆን አድርጎ ማሠልጠን ግድ ይላል።

ለዚህ ደግሞ አስቀድሞ ጥጃዋ ዓለምን እንዴት እንደምታይና እንደምትሰማ ማወቅ ያስፈልጋል። የከብት ዓይኖች በጭንቅላቱ ጎንና ጎን ስለተቀመጡ ከ300 ዲግሪ በላይ ዙሪያውን ያያል፤ የማያየው በቀጥታ ከኋላው ያለውን ጠባብ ስፍራ ነው። በዚህ ሁሉ ስፋት ግን ጥልቀትን በደንብ አይለይም፤ በመሬት ላይ የተዘረጋ ጥላ ለእኛ ጥላ ቢሆንም ለእርሱ ጉድጓድ ሊመስለው ይችላል። ጆሮውም ከእኛ ይልቅ ቀጭን ድምፆችን ይሰማል፤ የሰው ጆሮ 20 ሺህ ኸርዝ ገደማ ላይ ሲቆም የከብት ጆሮ እስከ 35 ሺህ ድረስ ይደርሳል። በዚህ ላይ ከብት የመንጋ እንስሳ ነው፤ ብቻውን መነጠሉ በራሱ ያስጨንቀዋል። ጥጃዋ ቆማ አልሄድም ስትል ወይም በድንገት ስትፈናጠር እልኸኛ ናት ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያየሁት ፍርሃትን ነው፤ ፍርሃት ደግሞ በቅጣት አይወጣም።

በአገራችን «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» ይባላል። በበረት ውስጥ የዚህ አባባል እውነትነት በየቀኑ ይታያል፤ ጥጃዋ ስትበረግግ ሰውየው ይጮኻል፣ ሰውየው ሲጮኽ ጥጃዋ ይብስባታል፣ ከዚያም ገመዱ ይጎተታል። ይህ እንዳይሆን ምልክቶቹን ቀድሞ ማንበብ ይገባል። የዓይኗ ነጭ በሰፊው መታየቱ፣ ጭንቅላቷን ከጀርባዋ በላይ አንሥታ መቆሟ፣ ጅራቷን በጭኖቿ መካከል መሸጎጧ፣ ደጋግማ ቀጭን እበት መጣሏ፣ ሁሉም ጭንቀቷ መጨመሩን ይናገራሉ። በተቃራኒው ጆሮዎቿ ወደ ጎን ዘና ብለው ከወረዱ፣ ጭንቅላቷን ዝቅ ካደረገች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማመስኳት ከጀመረች ተረጋግታለች ማለት ነው። የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆኑት ቴምፕል ግራንዲን፣ በጣም የተደናገጠ ከብት የልብ ምቱ ወደነበረበት ለመመለስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እንደሚያስፈልገው ያስተምራሉ። ስለዚህ ጥጃዋ ከምር ከደነገጠች በኋላ «አሁኑኑ መማር አለባት» ብሎ መቀጠል ጊዜ ማባከን ነው፤ ገመዱን ይዞ ዝም ብሎ መቆም፣ ወይም ፈትቶ ወደ ጓደኛዋ መመለስና ሰዓቱን ጠብቆ በቀላል ነገር እንደገና መጀመር ይሻላል።

የመጀመሪያው ሥራ ያለ ገመድ የሚሠራ ነው። እያንዳንዱ ከብት በዙሪያው የመሸሻ ክልል አለው፤ ሰው ያንን ክልል አልፎ ሲገባ ይርቃል፣ ሲወጣ ይቆማል። ልጄ ከዳማ ጋር የጀመረችው በበረቱ ጥግ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ መጽሐፍ በማንበብ ነበር፤ ጥጃዋን አታያትም፣ እጇን አትዘረጋላትም፣ ዝም ብላ ታነባለች። ትኩር ብሎ የሚያይና በቀጥታ የሚመጣ ፍጡር ለከብት አዳኝ ነው፤ ጎኑን ሰጥቶ የተቀመጠ ግን እንደ አደጋ አይታይም። ጥጃ በተፈጥሮዋ ጠያቂ ናትና፣ ከቀናት በኋላ ዳማ አንገቷን እስከሚቻላት ድረስ ዘርግታ፣ የኋላ እግሮቿን ለመሸሽ እንዳዘጋጀች፣ የልጄን የጫማ ክር አሸተተች፤ ከዚያም ሻካራ ምላሷን አውጥታ ላሰችው። ልጄ አልተንቀሳቀሰችም። ያን ዕለት መንካት ሲቻል አለመንካቷ ለቀጣዩ ሳምንት ሁሉ መሠረት ሆነ።

መንካት ሲጀመርም የት እንደሚነካ ማወቅ ይጠቅማል። ጭንቅላትን መዳበስ ለእኛ የፍቅር ምልክት ቢመስለንም፣ ግንባሯን የሚታሽ ጥጃ ግንባሯን መግፊያ ማድረግ ትማራለች፤ በ30 ኪሎ የሚያስቀው ጨዋታ በ300 ኪሎ አጥንት ይሰብራል። ላሞች እርስ በርሳቸው የሚላላሱት በአብዛኛው አንገትንና ትከሻን ስለሆነ ከዚያ መጀመር ይሻላል። ከአንገቷ ሥር፣ ልል ቆዳው ከሚንጠለጠልበት አካባቢ፣ በለስላሳ ብሩሽ ወይም በጣት ቀስ ብሎ ሲታሽላት ዳማ አገጯን ወደ ፊት ዘርግታ፣ ጆሮዎቿን ጥላ፣ ዓይኖቿን በግማሽ ትከድናለች። ከዚያ እጁ ወደ ትከሻ፣ ወደ ጀርባ፣ ወደ ሆድ፣ በመጨረሻም ወደ እግሮች ይወርዳል፤ በአንዱ ቦታ ቆዳዋ ከተንቀጠቀጠ ወደ አንገት ተመልሶ ማረጋጋት ነው። መኖን በተመለከተ፣ ከመዳፍ ወይም ከኪስ የሚሰጥ ሰውን መጎንተል ስለሚያስተምር ከሳህን እንድትበላ ማድረግን እመርጣለሁ፤ ብሩሹ ከመኖው ሰዓት ጋር ቢገጥም ግን ጥጃዋ ሰውየውን በጉጉት መጠበቅ ትጀምራለች።

ልባቡ፣ ማለትም ከጆሮዎቿ ጀርባና በአፍንጫዋ ላይ የሚያልፈው የራስ ገመድ፣ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። በአፍንጫ ላይ የሚያልፈው ክፍል ከዓይኗ ጥቂት ዝቅ ብሎ በአጥንቱ ላይ መቀመጥ አለበት፤ ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ከወረደ ለስላሳውን ክፍል ተጭኖ ትንፋሽ ያሳጥራታል፣ ትንፋሽ ያጠራት ጥጃ ደግሞ መታገሏ የግድ ነው። የሚጠብቀው ክፍል ከአገጯ ሥር አልፎ መሪው ገመድ በግራዋ በኩል መውጣት ይኖርበታል፤ ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ያስርና ገመዱ ቢላላ እንኳ ልባቡ ሳይላላ ይቀራል፤ የሥልጠናው ሁሉ ምሥጢር በመላላቱ ላይ ስለሆነ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም።

ማሰርም የራሱ ሥርዓት አለው። የሚታሰርበት ምሰሶ የማይነቃነቅ፣ ገመዱ አጭርና በጭንቅላቷ ቁመት ላይ ያለ፣ ቋጠሮውም ጫፉን አንድ ጊዜ በመሳብ ብቻ የሚፈታ መሆን ይገባዋል። ገመዱ ከረዘመ እግሯን ታስገባበታለች። የታሰረች ጥጃ ለአንድ ደቂቃም ብቻዋን አትተውም፤ ወድቃ ራሷን ልታንቅ ትችላለችና። ወደ ኋላ ስትጎትት ምሰሶው አይከተላትም፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ስትመጣ ግን ገመዱ በራሱ ይላላላታል፤ ምሰሶው አይናደድም፣ አይደክመውም፣ አያዳላም፤ ለዚህም ነው ከብዙ ሰዎች የተሻለ አስተማሪ የሚሆነው። አንዳንዶች ጥጃዋ መሪ ገመዱን መሬት ለመሬት እየጎተተች በበረት እንድትውል ያደርጋሉ፤ በራሷ እግር ስትረግጠው ለጫና መሸነፍን ትማራለች ይላሉ። እኔ ሰው በአጠገቧ ካልቆመ በቀር ይህን አልደግፈውም። ልባብ አጥልቆ ማሳደር ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ በአጥር ላይ ሊያዝ፣ እያደገ ያለውን አፍንጫዋንም ሊያቆስል ይችላልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። መምራት ማለት መጎተት አይደለም። ልጄ ከጥጃዋ ግራ ጭንቅላቷ አጠገብ ቆማ በገመዱ ላይ ጣቶቿን አንድ በአንድ ታጠብቃለች፤ ጫናው እንደ ጠዋት ብርሃን በዝግታ ይመጣል እንጂ በድንገት አይወርድም። ዳማ በመጀመሪያ ክብደቷን ወደ ኋላ ትጥላለች። ልጄ አትስብም፣ አትለቅምም፤ ባለችበት ታጸናለች። ከዚያ የጥጃዋ የፊት ግራ ሰኮና ከገለባው ጥቂት ብድግ ይላል፤ በዚያች ቅጽበት፣ ሰኮናው ገና መሬት ሳይነካ፣ ጣቶቹ ሁሉ ይከፈታሉ። ጥጃዋን የሚያስተምራት መሳቡ ሳይሆን ይህ መከፈት ነው፤ «ይህን ሳደርግ ጭንቁ ቆመ» ብላ የምትይዘው ያን ጊዜ ነውና። መላላቱ ትንሽ ከዘገየ ትምህርቱ ይደበዝዛል፤ ወደ ኋላ በምትጎትትበት ጊዜ ከተላላ ደግሞ የተማረችው መጎተትን ነው። ፍንክች አልል ያለች እንደሆነ በቀጥታ ወደ ፊት ከመሳብ ይልቅ ጭንቅላቷን ወደ ጎን መጠምዘዝ ይረዳል፤ ሚዛኗ ስለሚዛባ እግሯን ማንሣት ግድ ይሆንባታል፣ እግሯን ስታነሣም ወዲያው ይላላላታል።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ልምምዶች በእርምጃ የሚቆጠሩ እንጂ በርቀት የሚለኩ አይደሉም። 15 ወይም 20 ደቂቃ በየዕለቱ መሥራት ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ከመታገል እጅግ ይሻላል፤ ልምምዱም ሁልጊዜ መቋጨት ያለበት ጥጃዋ አንድ ነገር በደንብ ባደረገች ጊዜ ነው። ደግሞም አንድም ጊዜ ቢሆን አምልጣ መሮጥ እንድትችል ዕድል አይሰጣትም፤ ከብት ያመለጠበትን መንገድ አይረሳም። በእጅ ላይ ገመድ መጠቅለል ግን በምንም ምክንያት አይፈቀድም፤ ጣት ያስቆርጣል። ለዚህ ነው ልምምዱ በታጠረ ግቢ ውስጥ የሚጀመረው፤ ገመዱን መልቀቅ ግድ ቢሆን እንኳ ጥጃዋ የምትሄድበት የላትም።

እኔ ባደግሁበት የጎጃም ገጠር ወይፈን የሚገራው ከለመደ በሬ ጋር ተጠምዶ፣ አንድ ሰው ከፊት እየመራው ነበር። የለመደው በሬ አይደነግጥም፤ የእርሱ አለመደንገጥ ለወይፈኑ ይተርፈዋል። እዚህም የጎረቤታችን የወተት ገበሬ ዳማን ለብቻዋ ከመስጠት ይልቅ የረጋች ታላቋን አብሮ ሰጠን፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ታላቂቱ ከፊት እየሄደች ዳማ ከኋላ ትከተላት ነበር። በአሜሪካ የሥጋ ከብት የሚያረቡ አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ጥጃን ከአህያ ጋር በአጭር ገመድ አስረው ይለቃሉ፤ አህያዋ ወደ ውኃና ወደ መኖ ስትሄድ ጥጃው መከተልን ይማራል። ለትልልቅ ወይፈኖች የሚሠራ ዘዴ ነው፤ ለትንሽ የጀርሲ ጥጃ ግን የረጋች ላም ትበቃታለች ብዬ አምናለሁ። በኋላ ጓደኛዋን ቀስ በቀስ ማራቅ ይገባል፤ በትርኢቱ ሜዳ ላይ አብራት አትገባምና።

የወተት ጊደሮች ውድድር የራሱ አካሄድ ስላለው ልምምዱ ያንን መምሰል አለበት። ልጆቹ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ፊታቸውን ወደ ጥጃዋ አዙረው፣ የኋሊት በዝግታ እየተራመዱ፣ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራሉ። የኋሊት የሚሄድ ሰው ለጥጃዋ እንግዳ ነገር ስለሆነ በቤት አስቀድሞ መለመድ ይኖርበታል። ስትቆምም ለዳኛው የቀረበው የኋላ እግሯ ጥቂት ወደ ኋላ ቀርቶ መቀመጥ አለበት፤ ይህን የምናስተካክለው በእግር በመግፋት ሳይሆን፣ ትከሻዋን በጣት ጫፍ ጫን በማለትና ስታፈገፍግ ወዲያው በመልቀቅ ነው። ዳኛው ቀርቦ ቆዳዋንና የጎድን አጥንቷን በእጁ ሊዳስስ፣ ልጆቹም ጥጆቻቸውን እንዲቀያየሩ ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ቡና ከመጠጣቱ በፊት ዳማን አንድ ዙር እንዲመራና ጎኗን እንዲዳስስ እንጠይቀዋለን፤ ኮፍያ ያደረገ፣ ነጠላ የለበሰች፣ ጢም ያለው፣ ሕፃን የያዘች፣ ሁሉም ይጠቅማሉ።

ድምፅን በተመለከተ ርቀትን መጠቀም የተሻለው ዘዴ ነው። የፀጉር መሸለቻው ማሽን መጀመሪያ በበረቱ ሌላ ጫፍ መኖ እየበላች ይከፈታል፤ ማኘኳን ሳታቋርጥ ስትቀር ጥቂት ይቀርባል፣ ካቋረጠች ይርቃል። በመጨረሻ ማሽኑን የያዘው ሰው በሌላ እጁ ይነካታል፣ ከዚያም የማሽኑን ጀርባ በትከሻዋ ላይ ያሳርፋል፤ ንዝረቱን ለመደችው ማለት ነው። የሚነፋው ማድረቂያም እንዲሁ ነው። ሬዲዮ ደግሞ በየዕለቱ ይከፈትላታል፤ ድምፅ ማጉያ፣ ጭብጨባና የብዙ ሰው ጫጫታ ለጆሮዋ አዲስ እንዳይሆን። መታጠብን ከእግሮቿ ጀምሮ ወደ ላይ መሄድና ጆሮዋ ውስጥ ውኃ አለማስገባት በቂ ነው። በሸራ ላይ፣ በጣውላ ላይ፣ በዛፍ ጥላ ላይ ማራመድም አይረሳም፤ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ አሽታ እንድትመረምረው ጊዜ ከተሰጣት ብዙውን ጊዜ በራሷ ታልፈዋለች።

በድንገት ጠባይዋ ከተለወጠ ግን ከሥልጠና በፊት ጤናዋ ይታይ። የሙቀት መጠኗ ከ39.5 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ ዓይኗ ካነባ፣ ወይም በቆዳዋ ላይ ፀጉር የራቀው ክብ ቁስል ከታየ የእንስሳት ሐኪም ያስፈልጋታል፤ ይህ የቆዳ ፈንገስ ወደ ሰው ስለሚተላለፍ ከትርኢት ያስወጣል። ማረጋጊያ መድኃኒት ሰጥቶ ማቅረብ በትርኢት ደንብ የተከለከለ ነው፤ ባይከለከል እንኳ እንስሳዋን ማታለል ስለሆነ በቤታችን ቦታ የለውም።

ወደ ትርኢቱ ስትሄድ ተሳቢ መኪናውን ቀድማ ልታውቀው ይገባል፤ ከሳምንታት በፊት ቆሞ በተከፈተው ተሳቢ ውስጥ ድርቆሿን እንድትበላ አድርገናል። ከቤት የለመደችው ድርቆሽና ባልዲ አብሯት ይሄዳል። ሰው ሳይበዛ ማለዳ ወደ ሜዳው ወስዶ ማዞር፣ የአጥሩን ጨርቅና መሬት ላይ የተነሰነሰውን የእንጨት ፍቅፋቂ እንድታሸት መተው፣ ከብዙ የቃል ምክር ይበልጣል። በውድድሩ መካከል አልሄድም ብላ ብትቆም ልጄ የምታደርገው በቤት ካደረገችው የተለየ አይደለም፤ ትንፋሿን ታወጣለች፣ ትከሻዋን ዘና ታደርጋለች፣ የጥጃዋን ጭንቅላት ጥቂት ወደ ጎን ትወስዳለች፣ ሰኮናው ብድግ ሲል ጣቶቿን ትከፍታለች። ሌሎች ልጆች እስኪያልፏት መጠበቅ ካለባት ትጠብቃለች፤ ዳኞችም አንድ ልጅ ለፈራች ጥጃ የሚሰጠውን ምላሽ ልብ ብለው ያያሉ።

ትርኢቱ ሲያልቅ ዳማ ወደ ባለቤቷ መንጋ ትመለሳለች። በሁለት ዓመቷ ገደማ ስትወልድና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ማለቢያው ስትገባ ሆዷና እግሯ የሰው እጅ ስለለመዱ፣ የማሽን ድምፅም ስለማያስደነግጣት፣ ገበሬው የሚቀለው ብዙ ነው፤ የደነገጠች ላም ወተቷን ስለምትይዝ ይህ ለእርሱ በቀጥታ የገቢ ጉዳይ ነው። ለዚህም ይመስለኛል ለሚቀጥለው ዓመት ከመንጋው በጣም ደንባራ የሆነችውን ጥጃ ለልጄ አስቀምጣለሁ ያላት፤ እርሷም በደስታ ተቀብላዋለች።